«ወረታ ደግሞ ምን አላት?» ለሚሉ

«ወረታ ደግሞ ምን አላት? ሻይ ጠጥተህ የምታልፋት ከተማ ናት» አለኝ አንዱ መንገደኛ። «አንተ ወርደህ ይሆናል፤ ዓይንህ ግን መች ወረደ? አውቶብሱ ውስጥ እንደተኛ ቀርቷል» አልኩት።

መልሱ ለእሱ ብቻ አይደለም። ከባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚያ መንገድ የሚመላለሰው ሰው ሁሉ ወረታ ላይ ወርዶ እግሩን ያፍታታል፣ ውኃ ይገዛል፣ ሽንት ቤት ይጠይቃል፣ ተመልሶ ይሳፈራል። ጎንደር ሲደርስ «መንገዱ ሜዳ ነው፤ የሚታይ የለውም» ይላል። ሜዳነቱን አልክድም። ስሙ ፎገራ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና በኩል እየወረዱ ደለላቸውን ሲያነጥፉበት የኖሩት፣ ጫፉ ጣና ላይ የሚያልቅ ሜዳ ነው። በሐምሌ ውኃ ነው፣ በመስከረም አረንጓዴ ነው፣ በኅዳር ቢጫ ነው፣ በመጋቢት አቧራ ነው። በዓመት አራት ጊዜ መልኩን የሚቀይር አገር «የሚታይ የለውም» ከተባለ፣ የሚታይ ያለው የት ነው?

ክርክሬ አጭር ነው። የወረታ፣ የይፋግ፣ የአዲስ ዘመን ሰው «መዝናኛ የለንም» ሲል እሰማለሁ፤ አልቀበለውም። ጠዋት ተወጥቶ ማታ በሚገባበት ጉዞ ውስጥ ቤተ መንግሥት አለ፣ ገበያ አለ፣ ሐይቅ አለ፣ ፍል ውኃ አለ፣ ከሌላ አህጉር የሚመጣ ወፍ አለ። የጎደለው የሚሄድ ሰው ነው። ከሁሉ አብልጦ የማይሄደው ደግሞ እዚሁ የሚኖረው ነው። ስለዚህ ተረቡ ለመንገደኛው ብቻ አይደለም፤ ለጎረቤቴም የሚደርሰው አለኝ።

«የሩዝ ማሳ ምኑ ይታያል?» ይለኛል ጎረቤቴ። ወንድምዓለም፣ ያ ዘመድህ እስያ ሄዶ ሩዝ ማሳ ዳር የተነሣውን ፎቶ በስልኩ ሲያሳይህ «እንዴት ያምራል!» ያልከው አንተ አይደለህም? እሱ ለዚያ ማሳ ቪዛ ጠይቋል፣ ትኬት ቆርጧል። አንተ ቦት ጫማ ይበቃሃል።

እስኪ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከከተማዋ ወጣ በል። ውኃው ማሳው ላይ ተኝቷል፤ ሩዙ ከውኃው በላይ ብቅ ብሏል። አባት፣ እናት፣ ልጆች ጎን ለጎን ሆነው፣ ጭቃው ጉልበታቸው ደርሶ፣ አጎንብሰው ያርማሉ። የነቀሉትን አረም በእጃቸው ጠቅልለው ወደ ድንበሩ ይወረውሩታል። አንዷ ዘፈን ታወጣለች፤ የቀሩት ሳይቃኑ ይቀበሏታል። ድንበሩ ላይ ቆመህ «እግዜር ያበርታችሁ» ካልክ መልሱ ወዲያው ነው፦ «ብርታቱንስ ሰጥቶናል፤ የጎደለን እጅ ነው። ጫማህን አውልቀህ ግባ!» የፎገራ ገበሬ ወገቡ ቢደክም አፉ አይደክምም። ተረብ መማር የፈለገ ወጣት ቡና ቤት ምን ያስቀምጠዋል? እዚህ ይምጣ።

ይህ እህል ደግሞ ታሪክ አለው። ሩዝ ለፎገራ ከቅድመ አያት የወረደ አይደለም። ሜዳው ክረምት ሲመጣ ወንዞቹ ከአፋቸው ሞልተው የሚተኙበት፣ ውኃ የማይወድ እህል የሚጠፋበት፣ ይልቁንም ለከብት ግጦሽ የታወቀ መሬት ነበር። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጅግናና ሻጋ በተባሉት የአምራች ገበሬዎች ማኅበራት የሩዝን አመራረት አስተማሩ። «ኤክስ-ጅግና» የተባለው፣ ገበሬው ዛሬም የሚያውቀው ዝርያ ስሙ ከዚያችው ከጅግና ነው። ችግር የነበረው ውኃ ሀብት ሆነ። ዛሬ የፎገራ ብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል እዚሁ ነው፤ ለመላ አገሪቱ የሚሆን ዝርያ የሚፈተሸው እዚህ ነው። ከሩቅ የመጣ ተማሪ ማስታወሻ ይዞ ይጎበኘዋል። የወረታ ልጅ በአጥሩ ሥር አልፎ ኳስ ሊያይ ይሄዳል። ልጄ፣ ኳሱን እይ፤ ግን ያ አጥር ውስጥ ያለውን ነገር የሚያውቅ የቡድን ጓደኛ አለህ?

ከማሳው በኋላ መፈልፈያ ቤት ግባ። ወረታ ውስጥ መፈልፈያ አትፈልገውም፤ ድምፁ ራሱ ይጠራሃል። በማሽኑ አፍ ያልተፈለፈለው ሩዝ ከጆንያ ይገለበጣል፤ ከሥሩ ነጩ ይወርዳል፤ ገለባው በሌላ በኩል ይተፋና ከኋላ ይከመራል። አቧራው የሠራተኛውን ቅንድብ አልብሶታል። ከሚወርደው ላይ ዘግነህ ብትይዝ ይሞቃል፤ ማሽኑ አሽቶት ነው የወጣው። አንዲት እናት ሰፌዷን ይዛ ተቀምጣ ስብራቱን ከሙሉው ትለያለች፤ ስብራቱም አይጣልም፣ ዋጋ አለው። እዚያ ቆመህ ለአንድ ሰዓት ብታይ፣ ምሳህ ከየት እንደመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ታውቃለህ።

ምሳው ደግሞ እንጀራ ነው። ሩዝና ጤፍ ተቀላቅሎ የተጋገረው፣ ነጭ፣ ዓይኑ የተዘራ። «የሩዝ እንጀራ ሲያድር ይደርቃል» ብላ ያማችውን የባሕር ዳር ወይዘሮ የወረታዋ እመቤት እንዲህ አለቻት፦ «እንግዲህ እትዬ፣ እኛ ቤት ሲያድር አይተነው አናውቅም።» ከሩዝ ዳቦ ይደፋል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ አረቄም ይወጣል። ሆቴሎቻችን ግን ለእንግዳ የሚያቀርቡት ያንኑ በየከተማው ያለውን ምግብ ነው። የሩዝ አገር ሆቴል፣ የሩዝ ምግብ በዝርዝሩ ላይ ከሌለ፣ እንግዳው ለምን ይቆይልህ? ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ አንድ ባለ ሆቴል ቢሰማኝ ነገ ሊጀምረው የሚችለው ነገር ነው።

«ሜዳ ስለሆነ ይሰለቻል» የሚለውም አለ። ሜዳ ከሆነ ብስክሌት ንዳበታ! ዳገት የሌለበት አገር ተሰጥቶህ በባጃጅ ሁለት መቶ ሜትር ትሄዳለህ።

ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው መንገድ በደርግ ዘመን ቻይናዎች እስከ ወልድያ ያወጡት ነው። በዚያ ትንሽ እንደሄድክ አውራምባ አለች። ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት ማኅበረሰብ ነው። ታሪኩን እንደሚነግሩት፣ ልጅ ሆነው እናታቸው ከአባታቸው ጋር እርሻ ውላ ስትገባ፣ አባት ሲያርፍ እናት ለሌላ ሥራ ስትነሣ አዩና «ለምን?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄያቸው ብዙ አስከፈላቸው፤ በዘመነ ደርግ ማኅበረሰቡ አካባቢውን ለቆ ወደ ደቡብ ተሰዶ፣ ኋላ ነው የተመለሰው። ከዚያ ወዲህ ግን ከዓለም ዙሪያ ሰው እየመጣ የሚያየው መንደር ሆነ።

«ወንድ እንጀራ ሲጋግር ለማየት ነው የምሄደው?» ብሎ ሳቀብኝ አንዱ ወዳጄ። «አዎ። ቤትህ ውስጥ ስለማይታይ መንገድ መውጣት ግድ ሆነብህ» አልኩት። ባለቤቱ አጠገቡ ነበረች፤ ከዚያ በኋላ ሳቁ የእሷ ሆነ።

አውራምባ ስትሄድ ሸማኔዎቹ ዘንድ ቁም። በአገራችን ልማድ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። እዚህ ሴቲቱ የሽመና ዕቃው ላይ ተቀምጣ፣ በእግሯ እየረገጠች፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ስትለቀው ታያለህ፤ ክሩ ሲበጠስ ጫፍና ጫፉን በጣቷ አግኝታ ትቋጥረዋለች፣ ቀና ብላም አንተን ሰላም ትላለች፣ እጇ ግን ሥራውን አይፈታም። ወንዱ ደግሞ እንዝርት ይዞ ሲፈትል ታገኘዋለህ። አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት አለ፤ ልጆች የሚማሩበት አለ፤ የሸመኑትን ጋቢና ብርድ ልብስ የሚሸጡበት አለ። «እነሱ እኮ እምነታቸው…» ብለህ ልትጀምር ነው? ሄደህ ራሳቸውን ጠይቅ። እንግዳ ተቀብሎ ማስረዳት ልማዳቸው ነው፤ አንተ ከምትሰማው ሐሜት የእነሱ መልስ ይረዝማል። እኔ በሁሉም ነገር ከእነሱ ጋር አልስማማም፤ መስማማት ግን የመግቢያ ክፍያ አይደለም። ሰው በሥራው እንጂ በፆታው የማይመደብበትን መንደር ልጅህ አንድ ቀን ቢያይ ምን ይጎድልበታል?

በዚያው መንገድ ወደፊት ከገፋህ ደብረ ታቦር ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበት ጋፋትም እዚያው አጠገብ ነው። የነሐሴ 13 ቡሄ ለደብረ ታቦር ሰው ምን እንደሆነ ሄዶ ያየ ያውቀዋል። ይህ ለብቻው ቀን የሚፈልግ ነገር ስለሆነ አልፌዋለሁ፤ እኔ ወደ ሜዳዬ ልመለስ።

ርብን ወደ ሰሜን ስትሻገር ይፋግ ነው። «ይፋግ? አለች እንዴ?» ይላል የዘንድሮ ልጅ። አንተ ሳትኖር ነበረች! በ19ኛው መቶ ዘመን በዚህ ያለፉ የአውሮፓ ተጓዦች ይፋግን ከቤጌምድር ታላላቅ ገበያዎች አንዷ አድርገው ጽፈዋታል። ከጎጃም ወደ ጎንደር የሚወጣ ነጋዴ የሚያርፍባት፣ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ የሚቆጠርባት፣ የማሪያ ትሬዛ ብር የሚመረመርባት ዘመን ነበረ። ዛሬ አውቶብሱ ሳይቆም ያልፋታል። ሹፌሩን አልወቅስም፤ ለመቆም ምክንያት አልሰጠነውም።

ምክንያቱ ግን አለ፦ ገበያው። በገበያ ቀን ጠዋት ግባበት። ከገጠር የሚወርደው ሰው ገና መንገድ ላይ ነው፤ አህያው ተጭኗል፣ ዶሮው በክንፉ ተንጠልጥሏል፣ እንስራው በጀርባ ታዝሏል። ሽንኩርት ተራ ሂድና ቁም፤ ለመግዛት ሳይሆን ለመስማት።

«እማማ፣ ለዚህ ብር ይህ ሽንኩርት አላነሰም?»

«አይ ልጄ፣ ሽንኩርቱስ በቁመቱ አለ፤ የቀነሰው ብርህ ነው።»

«ኧረ ይጨምሩልኝ፣ ቤተሰብ አለኝ።»

«እኔስ ከሰማይ ወረድኩ? ቤተሰብ ያለውና የሌለው ተለይቶ የሚሸጥበት ገበያ ካገኘህ እኔንም ውሰደኝ።»

ይጨምሩለታል፤ እሱም መርቆ ይሄዳል። ይህን ትርዒት በአዲስ አበባ ብሔራዊ ቴአትር ቢያሳዩን ትኬት ገዝተን እንገባ ነበር። ይፋግ ላይ ማንም አያስከፍልህም፤ ሽንኩርቱን ግን ግዛ፤ አፋቸውን በነጻ ሰምተህ ባዶ እጅህን አትውጣ።

አሁን ደግሞ ለጎንደሬው። «ቤተ መንግሥት ካማረህ ጎንደር ና» ይለናል። እንመጣለን፤ ፋሲል ግንብ የሁላችንም ነው። አንተ ግን ጉዛራ መጥተህ ታውቃለህ? ከአዲስ ዘመን አልፎ እንፍራንዝ ሳይደርስ፣ ከመንገዱ ወጣ ባለ ኮረብታ ላይ፣ ጣናን ቁልቁል እያየ የቆመ ግንብ አለ። አፄ ሠርፀ ድንግል እንዳሠሩት የአገሩ ሰው ይናገራል፣ የታሪክ ጸሐፊዎችም ጽፈውታል። ሠርፀ ድንግል የነገሡት ከ1563 እስከ 1597 እ.ኤ.አ. ነው። ፋሲል ጎንደርን መናገሻ ያደረጉት በ1636 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ ቁጠረው፤ ታላቁ ማን ነው? ታናሹን በዓለም ቅርስ መዝገብ አስጽፈን ታላቁን በመኪና መስኮት እያየን ማለፍ ምን የሚሉት ወግ ነው?

ዳገቱ ልብ ያደክማል፤ ውኃ ይዘህ ውጣ፤ በቀትር አትሂድ። ከላይ ስትደርስ ሠርፀ ድንግል ለምን ያንን ቦታ እንደመረጡ ለመረዳት መምህር አያሻህም፦ ሐይቁ ከፊትህ፣ ሜዳው ከግራህ፣ የሚመጣ ሠራዊት ቢኖር ገና ሩቅ ሳለ ይታያል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ጢስ ዓባይ ሲሄድ በዚህ በጣና ምሥራቃዊ ዳር በእንፍራንዝ በኩል ነው ያለፈው፤ ያየውንም እየመዘገበ አለፈ። እኛ በዚያው መንገድ ስንሄድ ስልካችን ላይ አቀርቅረን ነው። በጉዞህ ላይ ከአዲስ ዘመን ወደ እንፍራንዝ ስትል ከጋራው ተለይቶ ወደ ሰማይ የቆመውን አለትም ቀና ብለህ እየው፤ አሞራ ገደል ይባላል።

ጉልበትህን ካመመህ ዋንዛዬ ፍል ውኃ አለልህ። በደራ ወረዳ፣ ጉማራ ወንዝ አጠገብ ነው። ሰው ስንቁን ይዞ ሄዶ ቀናት ተቀምጦ ይታጠብበታል፤ ማታ ማታ በሽተኛውና አስታማሚው አንድ ላይ ቡና እያፈሉ ያወራሉ። «በሽታ የለብኝም፤ ምን ላደርግ እሄዳለሁ?» ላልከው፦ አባትህን ይዘህ ሂዳ! እሱ ጉልበቱን ሲታጠብ አንተ ወሬውን ትሰማለህ። አባትህ ቤት ውስጥ የማይነግርህን እዚያ ይነግርሃል።

አሁን ከሁሉ በላይ የሚከነክነኝ ላይ ደረስኩ። ሸሸርና ወላላ።

እነዚህ ሁለቱ በፎገራ ሜዳ ላይ ያሉ፣ ክረምት የሞላቸው ውኃ በበጋ እየሸሸ የሚቆይባቸው ረግረግ ቦታዎች ናቸው። ኅዳር ሲገባ ወፍ ይመጣባቸዋል። ክሬን የሚባሉት ባለ ረጅም እግርና ባለ ረጅም አንገት ወፎች የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው፣ በረሃና ባሕር አቋርጠው እዚህ ይደርሳሉ። ቀን ቀን የታጨደ ማሳ ላይ የወደቀ እህል ይለቅማሉ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ሰልፍ ሰልፍ ሠርተው፣ እየተጣሩ፣ ውኃው ውስጥ ለማደር ይመለሳሉ። ጥሪያቸው ገና ሳታያቸው ይሰማል። ከእነሱ ሌላ የዚሁ የአገራችን የሆነው፣ ራሱ ላይ ወርቃማ አክሊል የሚመስል ላባ የተከለው ወፍ አለ፤ ሁለት ሁለት እየሆነ ክንፉን ዘርግቶ ይዘላል፣ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል፣ ጓደኛው ይመልስለታል። ጭፈራ ነው። እስክስታ እኛ ብቻ የምናውቅ የሚመስለው ሰው አንድ ጊዜ ይየው።

«ወፍ የሚያይ ፈረንጅ ነው» ይለኛል የወረታው ወጣት። ወፉም እኮ ከፈረንጅ አገር ነው የመጣው! ፈረንጁም ወፉም አገርህን አውቀው ሲመጡ፣ አንተ ብቻ ቀርተህ «ድብርት ነው፣ የሚኬድበት የለም» ትላለህ። ድብርቱ የከተማዋ አይደለም፤ ፑል ቤቱ ውስጥ የተቀመጥክበት ወንበር ነው። ተነሣ።

የሚከነክነኝ ግን የወጣቱ አለመሄድ ብቻ አይደለም። ቦታዎቹ እያነሱ ነው። ውኃው በሸሸ ቁጥር እርሻው ይከተለዋል፤ ፓምፕ ተተክሎ የቀረው ውኃ ለሽንኩርትና ለቲማቲም ይሳባል፤ ርብ የሚያመጣው ደለልም ይሞላቸዋል። ገበሬውን አልተርበውም። መሬቱ ጠቦታል፣ ልጆቹ በዝተዋል፣ ሽንኩርቱ ብር ያወጣል፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ፓምፔን እተክል ነበር። ሩዙም ቢሆን ዋጋ አስከፍሏል፤ ያ ስመ ጥር የፎገራ ላም ይግጥበት የነበረው ሣር ማሳ ሆኗል። መጠየቅ ያለበት «ረግረግ ባዶ መሬት ነው» የሚለው ነው። ባዶ? የጎርፉን ውኃ ተቀብሎ የሚይዝልህ፣ ደለሉን ከጣና የሚያስቀርልህ፣ ከብትህን በበጋ የሚያጠጣልህ መሬት ባዶ ከሆነ ሙሉው የትኛው ነው? በ1998 ዓ.ም. ክረምት ወንዞቹ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁና ሰው ከቤቱ ሲያፈናቅሉ ያየ ሽማግሌ ይህን ያውቀዋል። የጣና ዙሪያ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። መዝገቡ ፓሪስ ነው፤ ውኃው ግን እዚህ ነው፤ የሚጠብቀውም እዚህ ያለ ሰው ነው። ያላየውን ደግሞ ማን ይጠብቃል? መዝናናት የምለው ነገር ቁምነገር የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

«ጣናን ለማየት ባሕር ዳር ይኬዳል» ለሚለውም መልስ አለኝ። ጣና ለባሕር ዳር ብቻ አልተሰጠም፤ ርብንም ጉማራንም የሚጠጣው ከእኛ ነው። እዚሁ ፎገራ ውስጥ ናበጋ ብትወርድ ሐይቁ እዚያው ነው፤ ከደንገል የተሠራ ታንኳ ላይ ቆሞ የሚቀዝፍ ሰው ታያለህ፤ ዓሣው ከመረቡ ሲወጣ ታያለህ። በክረምት ነጭ ዓሣው ከሐይቁ ወጥቶ ሽቅብ ወደ ጉማራና ወደ ርብ ይዋኛል፤ እንቁላሉን የሚጥለው በወንዞቹ ጠጠር ላይ ነው። ከነዚህ ዓሦች ብዙዎቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የሉም። በዚያ ጊዜ በወንዙ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጋ ሰው ካገኘህ፣ ተረብህን አታስቀርበት፤ «የዘንድሮውን በላህ፤ የከርሞውንም አብረህ በላኸው» በለው።

እምቦጭስ? ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በዚህ በሰሜን ምሥራቁ ዳር የተስፋፋው አረም ፎገራንም ጎረቤቱን ሊቦ ከምከምንም አልማረም። ሊነቅሉት ከየአቅጣጫው በጎ ፈቃደኞች መጥተው ነበር፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ተማሪ ደረቱ ድረስ ውኃ ገብቶ ነቅሏል። ያ ልጅ ጣናን ከሪዞርት በረንዳ ካየው ሰው አብልጦ አውቆታል። ያን ጊዜ የመጡት ሲመለሱ ያወሩት ስለ ድካማቸው ብቻ አልነበረም፤ ስለ አዲስ ጓደኞቻቸው፣ ስለ ዘፈኑ፣ ገበሬው ስላቀረበላቸው ቆሎና ጠላ ነበር። ሥራና ሽርሽር እንዲህ አንድ ላይ የሚሆንበት ቦታ በቅርባችን አለ።

የኃላፊዎቹን ደግሞ አልረሳሁም። «ዕቅድ አለን፤ ሪዞርት የሚሠራ ባለሀብት እየጠበቅን ነው» ይሉናል። ጌቶቼ፣ ባለሀብቱ እስኪመጣ እንግዳው በፊኛው አይጠብቅም። መጀመሪያ ንጹሕ ሽንት ቤት ሥሩ፤ እሱ ዲዛይነር አይፈልግም። ጉዛራ ወዴት እንደሆነ፣ አውራምባ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ፣ ሸሸር በየት እንደሚኬድ የሚናገር ሰሌዳ መገንጠያው ላይ ትከሉ። ወረታ መስቀለኛ መንገድ ናት፤ ወደ ጎንደር፣ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄደው ሁሉ ይረግጣታል። ለጭነት ደረቅ ወደብ የተሠራላት ከተማ ለሰው የሚሆን ጥላና መቀመጫ አይከብዳትም። የአካባቢውን ወጣት አሠልጥኑና አስጎብኚ አድርጉት፤ ያን ጊዜ ፑል ቤቱ ራሱ ጎደለ ብሎ ያማችኋል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን ያለው ግጭት መንገዱን አስፈሪ አድርጎታል። ትናንት ክፍት የነበረው ዛሬ ይዘጋል። ማንንም «ዝም ብለህ ውጣ» አልልም። የሚያውቅ ሰው ጠይቁ፣ ሹፌር ጠይቁ፣ የቦታውን ሰው ደውላችሁ ጠይቁ፤ «አይሆንም» ካሏችሁ ቤታችሁ ዋሉ። እኛ ስንቀመጥ የአውራምባ ጋቢ ሳይሸጥ ይከርማል፣ የዋንዛዬ ሻይ ሻጭ ምድጃዋን ሳትለኩስ ትውላለች፤ ይህን አውቃለሁ፣ ያመኛልም። ሰላም ሲሆን ግን ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ እስኪደርስ አንጠብቅ። ቀድመን መውጣት ያለብን እኛው የቅርቦቹ ነን።

ስለዚህ ለወረታ፣ ለይፋግና ለአዲስ ዘመን መምህራን ይህን እላለሁ። መንገዱ ሰላም በሆነ በመጀመሪያው ኅዳር አንድ ክፍል ተማሪ ይዛችሁ ሸሸር ውረዱ። የአካባቢውን ገበሬ አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ በየትኛው ድንበር እንደሚረገጥ የሚያውቀው እሱ ነው። ጎሕ ሳይቀድ ውጡ፤ ወፎቹ ከማደሪያቸው የሚነሡት ያን ጊዜ ነው። ልጆቹ ቦት ጫማ ያድርጉ፣ ስንቅ ይያዙ፣ ድንጋይ አይወርውሩ። ሲመለሱም ያዩትን በየደብተራቸው ይጻፉ፤ የሚቀጥለውን ዓመት ክፍል እነሱ ይምሩት።